ገደሉ ዝም ያለ ዕለት

ተረቴ መጥታ ደጅ ቆማለች። «ትግባ» በሏት።
«ከየት መጣሽ?» በሏት። ከሩቅ ዘመን።
«ምን ይዘሽ መጣሽ?» በሏት። እውነት ተሸክማ።

እኔ ልሙት! ዕድሜዬን ይዤ ምያለሁ። ዛሬ ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ ይቺን ጢሜን አንድ በአንድ ነቅዬ ለቁራ ጎጆ መሥሪያ እሰጣለሁ። እንግዲህ ስሙ።

ዱሮ፣ የአያታችሁ አያት ገና በእናቷ ጀርባ ታዝላ ሳለች፣ በአንድ ወንዝ ዳር ሦስት አገሮች ነበሩ። አንዱ ጥድ በር፣ አንዱ ዋርካ ማዶ፣ አንዱ ቀጨሞ። ገበያቸው አንድ ነበር። የሚሻገሩበትም መሻገሪያ አንድ ነበር። በሽታቸውም አንድ ነበር። በሽታቸው ምን ነበር? «የእኔ አገር» ማለት።

በመሻገሪያው ላይ ሕግ ነበር። የሁለት አገር ሰዎች እዚያ ሲገናኙ «እንደምን አደራችሁ» አይባባሉም። አስቀድሞ እያንዳንዱ የአገሩን ድንቅ ይናገራል። የተረታው ዳር ይዞ ያሳልፋል፤ የረታው ይሻገራል። ሰላምታ ከዚያ ወዲያ ነው። አገርም የሚናገረው በአንድ አፍ ነው፤ ሌላው ሰው ጥርሱን ነክሶ ያዳምጣል። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ አልነበረም። ያፈረሰውም አልነበረም። አንድ ጊዜ የጥድ በር ሰዎች ሙሽራ ይዘው ሲመጡ የዋርካ ማዶን ሰዎች መሻገሪያው ላይ አገኟቸው። ክርክሩ ረዘመ፣ ረዘመ። ሙሽራይቱ ሙሽራ ሆና መጥታ ልጅ አዝላ ተሻገረች።

የጥድ በር ሰው እንዲህ ይል ነበር፦ «በእኛ አገር ነፋስ ከአራቱም ማዕዘን ይነፍሳል። ገበሬው እህሉን አውድማ ላይ አፍስሶ ይተኛል። ሲነቃ ነፋሱ ገለባውን ለይቶ፣ ፍሬውን ጎተራ ከቶ፣ በሩን ዘግቶለት ሄዷል።»

የዋርካ ማዶ ሰው እንዲህ ይል ነበር፦ «በእኛ አገር አንድ ዋርካ አለ። ከሥሩ ለተቀመጠ ሰው ፀሐይ የምትወጣው ቀትር ላይ ነው። አውራ ዶሯችን ግራ ገብቶት በቀን ሁለቴ ይጮኻል።»

ያን ጊዜ የቀጨሞ ሰዎች አንድ ቃል አይተነፍሱም። ዘወር ዘወር ብለው መንገድ ይከፍታሉ። በመካከላቸው አንዲት ቀጭን ሴት ትመጣለች። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጆቿን ድራለች፤ ስሟ አንጓች ነው። ሰው ግን የሚጠራት «የቀጨሞ አፍ» እያለ ነበር።

«በእኛ አገር» ትላለች አንጓች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ገደል አለ። ሲሰድቡት አይመልስም። ሲረግሙት ዝም ይላል። ሲመርቁት ግን ‹አሜን› ይላል።»

ለዚህ ምን መልስ አለው? በዓለም ላይ ስንት ገደል አለ! አህያ ቢያናፋበት ያናፋል፤ ባለጌ ቢሳደብበት ይሳደባል። የቀጨሞ ገደል ግን ጨዋ ነበር። ጥድ በር ዳር ይይዛል፤ ዋርካ ማዶ ዳር ይይዛል፤ አንጓች ሻሿን አስተካክላ ትሻገራለች። ከኋላዋ ያ ሁሉ የቀጨሞ ድኻ ደረቱን ነፍቶ ይከተላል። መሬታቸው ድንጋይ ነበር፤ በሬያቸው ቀንዱ ብቻ የቀረ ነበር። በዚያች መሻገሪያ ላይ ግን ከንጉሥ ይበልጡ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አንበጣ መጣ። ሲያርፍ ቀኑ ጨለመ። ሲነሣ በምድር ላይ አረንጓዴ የሚባል ነገር አልቀረም፤ በሴቶች ቀሚስ ላይ ያለውን አረንጓዴ ጥለት ሳይቀር በልቶ ሄደ። ቀጨሞዎች የተረፈቻቸውን ትንሽ ገብስ ሰበሰቡ። ቢበሏት ለአንድ ወር አትበቃም፤ ቢዘሯት ለከርሞ ሕይወት ናት። ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯት፤ አፉን በጭቃ መርገው ድንጋይ ጫኑበት፤ «ዝናብ እስኪጥል ማንም እንዳይከፍት» ብለው ተማማሉ።

በጋውን ሳማ ቀቅለው በሉ። የልጆቹ ከንፈር አረንጓዴ ሆነ። እናቶች የራበውን ልጅ እያመጡ ከዚያ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡት ነበር። «አይዞህ፣ ከተቀመጥክበት ሥር ገብስ አለ» ይሉት ነበር። ልጁም ድንጋዩን አቅፎ ይተኛል። አንጓች በዚያ ስታልፍ ልቧ ስንጥቅ ይል ነበር።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነጋሪት ተጎሰመ።

«ስማ! ስማ! ንጉሥ ዘንድሮ የሚከርሙት በዚህ ወንዝ ዳር ነው! ሦስቱም አገሮች ድንቃቸውን ከመሻገሪያው ላይ ያሰሙ! ንጉሥ ድንቁ ከበለጠው አገር ድንኳናቸውን ይተክላሉ! ያ አገር የንጉሥ ከተማ ይባላል!»

ሦስቱም አገር አበደ። ጥድ በር ነፋሱን ሊያሳይ አውድማውን ጠረገ። ዋርካ ማዶ የዋርካውን ግንድ ቅቤ ቀባ። የዋርካ ማዶ ጌታ ባላምባራስ ወንዳፍራሽ ይባል ነበር። አንበጣው በመጣበት ዓመት የሰው ሁሉ ጎተራ ሲራቆት የእሱ ሞልቶ ነበር፤ የተራበ ጎረቤቱን ማሳ በቁና እህል እየለወጠ ሰብስቧል። ያም አልበቃው። ገበያ መካከል ቆሞ፣ «ንጉሥ ከእኔ ዘንድ ከከረሙ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው» አለ፤ «መሻገሪያውን ከነቀጨሞ ግጦሽ!»

ቀጨሞም ይህን ሰምቶ ተሰበሰበ። ጭቃ ሹሙ አያ ቢያድግ ከሁሉ በፊት ተነሣ።

«ምን ያስፈራናል? እቴ አንጓች አለችልን! ገደላችን ‹አሜን› ያለ ዕለት ንጉሡ ከበቅሏቸው ነው የሚወድቁት!»

ሰዉ ሳቀ፤ እልል አለ። አንጓች ግን አልሳቀችም።

«አያ ቢያድግ» አለች፣ «የንጉሥ ጦር ምን እንደሚበላ ያውቃሉ?»

«ንጉሥማ ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣ!»

«እኔ የተወለድኩት እዚህ አይደለም። በእናቴ አገር ንጉሥ ከርመው ነበር። ሲመጡ በእልልታ ተቀበልናቸው። ሲሄዱ እልል የሚል ሰው አልቀረም። ጎተራውን በሉ፤ ከብቱን በሉ፤ ማገዶ ሲያልቅ የቤታችንን ምሰሶ ነቅለው አነደዱት። እናቴ እኔን አዝላ ወደዚህ የተሰደደችው በዚያ ዓመት ነው።»

«ያ ሌላ ንጉሥ ነው!»

«ሆዱስ ሌላ ነው?»

አያ ቢያድግ ተቆጣ። «አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? ስንት ዘመን ስለ አገራችን ለመንገደኛ ሁሉ ስትናገሪ ኖረሽ ዛሬ ለንጉሥ ልሳንሽ ታሰረ? ካልቻልሽ ተይው፤ እኔ እናገራለሁ!»

አንጓች ሰውዬውን አየችው። አያ ቢያድግ ቅን ሰው ነው፤ ምላሱ ግን ቁልቁለት እንዳየ በግ ነው፣ አይቆምም። ንጉሥ ፊት አፉን ከከፈተ ገደሉን ተናግሮ አያበቃም፤ «ደግሞ እንዲህ ያለ የዘር ጉድጓድ የት ታይቶ!» ብሎ ድንጋዩን ራሱ ነው የሚያነሣላቸው።

«አይ» አለች። «የቀጨሞ አፍ እኔ ነኝ። እኔ እናገራለሁ።»

ሰዉ ደስ አለው። በልቧ ያለውን ግን አልነገረቻቸውም። ለቀጨሞ ሰው ምስጢር መንገር በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

ቀኑ ደረሰ። አንጓች ወደ መሻገሪያው ስትወርድ ባላምባራስ ወንዳፍራሽን መንገድ ላይ አገኘችው። በቅሎውን ሸልሞ፣ ጢሙን ቀብቶ ይሄዳል።

«ባላምባራስ» አለችው፣ «አንድ ምክር ልስጥዎ። ይቅርብዎ። የተራበ ጦር እንግዳ አይደለም።»

ወንዳፍራሽ ሳቀ። «ቀናሽ! ቀናሽ፣ የቀጨሞ አፍ! ሂጂና ሳማሽን ቀቅዪ!»

«ነገርኩዎት።»

«ሰማሁሽ!»

እንግዲህ ንጉሡ መጡ። ልጆች፣ ያን ጦር እንዴት ልንገራችሁ? ራሱ ከወንዛችን ሲደርስ ጭራው ገና ከቤቱ አልወጣም ነበር። የፊተኞቹ ፈረሶች ጠጥተው ቀና ሲሉ ወንዙ ወደ ኋላው አፈገፈገ። አንጓች የወታደሮቹን ልብስ አላየችም፤ ጋሻቸውንም አላየችም። ያየችው ጉንጫቸውን ነው። ጉንጫቸው ጎድጉዷል። «እነዚህ» አለች በልቧ፣ «ዓለቱንም ይግጡታል።»

ንጉሡ በድባብ ጥላ ሥር በበቅሎ ላይ እንደተቀመጡ፣ «አሰሙን» አሉ።

ከጥድ በር አንድ ባለ ረጅም ጢም ሽማግሌ ወጣ። ስለ ነፋሱ ተናገረ። ንጉሡ ፈገግ አሉ።

ከዋርካ ማዶ ባላምባራስ ወንዳፍራሽ ወጣ። ስለ ዋርካው ተናገረ። ንጉሡ ጠየቁት።

«ጥላው ጦሬን ይችላል?»

«ጦርዎንም የጦርዎንም ጦር ይችላል፣ ጃንሆይ!»

«እህልስ?»

«ጎተራዬ ጣራውን ገፍቶ ወጥቷል፣ ጃንሆይ!»

ከኋላው የቆሙት የዋርካ ማዶ ድኾች እርስ በርስ ተያዩ። አፉ ግን እሱ ነበርና ዝም አሉ።

ከዚያ የቀጨሞ ሰዎች ዘወር ዘወር ብለው መንገድ ከፈቱ። አንጓች መጣች። እጅ ነሣች፤ ቀና ስትል ንጉሡ ትክ ብለው ሲያይዋት አገኘቻቸው።

«አንቺ ነሽ የቀጨሞ አፍ?»

«ነኝ፣ ጃንሆይ።»

«ስምሽን ከቤተ መንግሥቴ ሆኜ ሰምቻለሁ። አንድ ነጋዴ በዚህ ሲያልፍ ከአፍሽ የሰማውን መጥቶ ነገረኝ። ወደዚህ ያመጣኝ ያ ወሬ ነው።»

እንግዲያስ ይህን ሁሉ የተራበ አፍ የጠራችው አንጓች ራሷ ናት! ያን ሁሉ ዓመት ሻሿን እያስተካከለች ስትሻገር ንጉሥን እየጠራች ነበር። ወደ ኋላዋ አየች። አያ ቢያድግ ይስቃል። ከአጠገቡ አንዲት እናት ከንፈሩ አረንጓዴ የሆነ ልጅ አዝላለች። አንጓች ፊቷን መለሰች።

«ጠባብ መንገድ አላችሁ አሉ» አሉ ንጉሡ። «ሁለት ወፍራም ሰዎች ቢገናኙበት ሽማግሌ ሳይገባ አይላቀቁም ይባላል። እውነት ነው?»

«ጃንሆይ፣ ወፍራም ሰው ከየት አምጥተን እንሞክረው?»

ጦሩ ሳቀ። የቀጨሞ ሰዎች ግን አልገባቸውም። «አሁን ታመጣዋለች» ተባባሉ።

«ትኩሳት የሚያበርድ ድንጋይ አላችሁ አሉ። የታመመ ተቀምጦበት ሲነሣ ይድናል ይባላል። እውነት ነው?»

«ድንጋይማ አለን፣ ጃንሆይ። የእኛ ድንጋይ ከሌላው አገር የሚለየው ብዛቱ ነው።»

የንጉሡ በቅሎ አዛጋች። የቀጨሞ ሰዎች እርስ በርስ መጎናተል ጀመሩ። «ምን ሆነች? ምን አደረጓት?»

ንጉሡ ድባቡን ከፍ አስደረጉ። ከወንዙ ማዶ ገደሉ ይታያል፤ ረጅም፣ ግራጫ፣ ዝም ያለ።

«የመጨረሻውን ልጠይቅሽ። ገደላችሁ አሜን ይላል አሉ። እውነት ነው?»

አንጓች በዚያች መሻገሪያ ላይ ስንት ጊዜ ምላበታለች! «የለም» ብትል ውሸት ነው። «አዎ» ብትል ያ ጉድጓድ ይከፈታል።

«ጃንሆይ፣ ገደል ነው» አለች። «እርስዎ ቢያዩት ይሻላል።»

«እንግዲያስ ጥሪው። ከሰማሁት ከአንቺ ዘንድ እከርማለሁ።»

«ምን ልበለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ስለ አገርሽ በይው።»

አንጓች ወደ ገደሉ ዞረች። ከኋላዋ ቀጨሞ ትንፋሹን ዋጠ። ሁሉም የሚጠብቀው ያን ምርቃት ነበር፤ እሷ ለዘመን መለወጫ የምትመርቀውን፣ ገደሉ አሜን ሲለው ሽማግሌዎች የሚያለቅሱበትን። እጇን ዘረጋች።

«ቀጨሞ!» ብላ ጮኸች። «ቀጨሞ ጠፍ ሁኚ!»

ገደሉ ዝም አለ።

ከኋላዋ አንድ ሰው እንደተወጋ አቃሰተ። «መርቂው!» ብሎ ጮኸ አያ ቢያድግ። «ምን ሆነሻል፣ መርቂው እንጂ!» ወዲያው የአንድ ወታደር አለንጋ ጆሮው አጠገብ ጮኸ። «ዝም በል! አገር የሚናገረው በአንድ አፍ ነው!»

ባላምባራስ ወንዳፍራሽም ነገሩን ያውቅ ነበር። ገደሉ ለእርግማን እንደማይመልስ፣ ለምርቃት እንደሚመልስ ከአንጓች አፍ ስንት ዓመት ሰምቷል። አንዲት ቃል ቢናገር ንጉሡ ወደ ቀጨሞ ይሄዱ ነበር። አልተናገረም። ጢሙን እየደባበሰ ፈገግ አለ።

«ቀጨሞ!» አለች አንጓች። «ስም አይውጣልሽ!»

ገደሉ ዝም አለ።

ሦስተኛውን ለመናገር ስትነሣ ፈራች። ንጉሡን አልፈራችም። የፈራችው ገደሉን ነው። ምናልባት አንዴ ቢሳሳትስ? ሰው ይሳሳት የለም ወይ? ለዚህች እርግማን ‹አሜን› ቢል ንጉሡም ይመጣሉ፣ ዘሩም ይሞታል፤ ያ ልጅ ያቀፈው ድንጋይ መቃብር ይሆናል። ግን ሁለቱን ሰምተው ንጉሡ አሁንም ጆሯቸውን አቅንተዋል። መጨረስ ነበረባት።

«ቀጨሞ! ዘርሽ አይብቀል!»

ወንዙ ፏፏታውን ተወ። ወፍ አልጮኸም። ፈረስ ጭራውን አልወዘወዘም። ገደሉ ያን የሚያህል አፉን ይዞ፣ ዝም፣ ዝም፣ ዝም አለ።

«ስለ አገርሽ ያለሽ ይኸው ነው?» አሏት ንጉሡ።

«ያለን ይኸው ነው፣ ጃንሆይ።»

«ነጋዴ ውሸታም ነው» አሉ ንጉሡ፤ በቅሏቸውን መለሱ። «ወደ ዋርካው!»

በዋርካ ማዶ በኩል እልልታ ሆነ።

በቀጨሞ በኩል ግን ሁሉም ፊቱን አዞረ። አንጓች ወደ ሰዎቿ ስትመለስ መንገድ አልተከፈተላትም። በጎን ዞራ ሄደች። አያ ቢያድግ ተከትሎ ደረሰባት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ዘራችን አይብቀል አልሽ? በንጉሥ ፊት? ልጆቻችን ሳማ እየበሉ ያቆዩትን ዘር?»

«አያ ቢያድግ፣ ገደሉ ምን አለ?»

«ዝም አለ!»

«እንግዲያስ እርስዎም ዝም ይበሉ።»

አልገባውም። ለማንም አልገባም። ንዴት ጆሮ የለውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታዋን የሚመልስ ጠፋ። ከማኅበር አወጧት። ወፍጮ ስትሄድ ሴቶቹ መጃቸውን ትተው ይነሣሉ። የአገር አፍ የነበረች ሴት ከውሻዋ በቀር የምታናግረው አጣች፤ ውሻዋም ቢሆን ሰው ሲያይ ዘወር ይል ነበር።

ዋርካ ማዶ ግን ከበሮ በከበሮ ሆነ። ባላምባራስ ወንዳፍራሽ የሐር ቀሚስ ተሸለመ። መጀመሪያ የተበላው የእሱ ጎተራ ነው። «ይበላ፣ ለንጉሥ ነው!» አለ። ቀጥሎ በሬዎቹ ታረዱ። «ይታረዱ፣ ለንጉሥ ነው!» አለ። ቀጥሎ ዝናቡ በረታ፤ ጦሩ በረደው፤ የየቤቱ ምሰሶ ተነቀለ። ያን ጊዜ ወንዳፍራሽ ምንም አላለም። ቤቱ በላዩ እየፈረሰ ነበርና አፉ በአቧራ ተሞልቷል። በመጨረሻ ዋርካው ራሱ ወደቀ። ሲወድቅ ፀሐይ ከዚያ በፊት አይታው በማታውቀው መሬት ላይ ገባች፤ ከብርሃኑ ብዛት እንቁራሪቶች ዓይናቸውን ሸፈኑ ይባላል። ግንዱ ለንጉሥ ጦር ከሦስት ማታ እሳት አላለፈም።

ቀለብ ፈላጊ ወታደሮች ወደ ጥድ በር ወጡ፤ ያገኙትን አግበሰበሱ። ወደ ቀጨሞም መጡ። ከድንበሯ ላይ ቆመው አንዱ ጠየቀ፦

«ይቺስ አገር ማን ናት?»

«ያቺ የገዛ አፏ የረገማት ናት።»

«ዘርሽ አይብቀል የተባለችው?»

«እሷው።»

«ተዋት! የእርግማን እህል ሆድ ይቆርጣል» ብለው ተመለሱ።

አያ ቢያድግ ከአጥር ጀርባ ተደብቆ ይህን ሁሉ ሰማ። ቁጭ አለ። እጁን በራሱ ላይ ጭኖ ብዙ ቆየ።

ዝናቡ ጥሎ ነበርና በዚያው ሳምንት ድንጋዩን አነሡት። ገብሷ እንደተቀበረች ነበረች፤ ነቀዝ አልነካትም። ዘሯት። እያንዳንዷ ፍሬ በቀለች። እኔ ልሙት፣ የወደቀችበት ድንጋይ እንኳ ሰንጥቃ በቀለች! ንጉሡ መስከረም ሲጠባ ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። ከኮረብታው ላይ ወደ ዋርካ ማዶ ዞረው፣ «ጥሩ አገር ነበር» አሉ። ነበር። ከንጉሥ አፍ የወጣች ቃል ናት፤ እውነቷን ነው።

ጥቅምት ላይ የቀጨሞ ገብስ ደረሰ። የልጆቹ ከንፈር ወደ ቀለሙ ተመለሰ። አያ ቢያድግ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ከአንጓች ደጅ ቆመ።

«እቴ አንጓች፣ በድለንሻል። ማሪን።»

አንጓች ወጥታ ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደችለት። «ይማርዎ» አለችው። ሌላ አላለችም።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ቀጨሞዎች መንገድ ከፍተው ከፊት አስቀደሟት። ከመሻገሪያው ሲደርሱ ከወዲያ በኩል የዋርካ ማዶ ሰዎች ቆመዋል። ባዶ ስልቻ ይዘዋል። ባላምባራስ ወንዳፍራሽ ከፊታቸው ነው፤ የሐር ቀሚሱ ብጥስጥሱ ወጥቶ ጎድኑ ይታያል። እንደ ሕጉ የአገሩን ድንቅ መናገር ነበረበት። አፉን ከፈተ። ዘጋ። ደግሞ ከፈተ። በሰው ፊት እንባው መጣ።

ቀጨሞዎች አንጓችን ጠበቁ። አሁን ብትናገር፣ አሁን ብትጨርሰው! አያ ቢያድግ ከደስታው የተነሣ ተረከዙን ያነሣል፣ ይጥላል።

አንጓች የአገሯን ድንቅ አልተናገረችም።

«እንደምን ከረማችሁ?» አለች።

ያ ሕግ ከቆመ ጀምሮ ከድንቅ በፊት ሰላምታ ያቀደመ ሰው አልነበረም። ወንዳፍራሽ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ከኋላው ያሉት ድኾች ግን መለሱ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እመት። አልከረምንም፤ ተረፍን።» አንጓች ዳር ይዛ ቆመች። «እለፉ» አለቻቸው። የተረፉት ሁሉ ተሻገሩ። ለመብል የሚሆን ተሰጣቸው፤ ለዘርም የሚሆን ተሰጣቸው። ጥድ በርም መጣ፤ ለእሱም ተሰጠው። ወንዳፍራሽ በቁና እህል የለወጣቸውን ማሳዎች ለየባለቤታቸው መለሰ፤ ማረሻም በሬም የለው፣ ምን ሊያደርጋቸው? ዕድሜውን ሙሉ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

ሲመለሱ አያ ቢያድግ አላስችል አለው።

«እቴ አንጓች፣ ከገደሉ የሚበልጥ ድንቅ አገኘን! ከእንግዲህ በመሻገሪያው ላይ ምን እንደምል ታውቂያለሽ? ‹በእኛ አገር ንጉሥን ከነጦሩ በእርግማን የመለሰች ሴት አለች!› ይህን የሚረታ ማን አለ?»

«ይህን ለመንገደኛ ይናገራሉ?» አለች አንጓች።

«ለአገር ሁሉ!»

«ነጋዴም ይሰማዋል?»

«ይስማው እንጂ!»

«ከነጋዴውስ ማን ይሰማዋል?»

አያ ቢያድግ እግሩን ሊያነሣ ሲል ባለበት ቀረ። ወደ ገብሱ አየ። ወደ ልጆቹ አየ። አፉን በመዳፉ ያዘ።

ልጆች፣ ያቺ ቀጨሞ እስከ ዛሬ አለች። ሰውም በእግሩ ሄዶ ሊጠይቃት ይችላል። «በአገራችሁ ምን ድንቅ አለ?» ቢላቸው፣ ሽማግሌ አይል፣ ሕፃን አይል፣ ሁሉም አንድ ናቸው፤ «ምንም የለን፣ ጌታው» ብለው ወደ መሬት ያያሉ። ሲሉት ግን ደረታቸው ይነፋል። ጎተራቸውም ሙሉ ነው። ለዚህ ነው አባቶች «ዝም አይነቅዝም» ያሉት።

ተረቴ ሄዳለች፤ ደጁን ዝጉላት።

ደግሞ ምዬባችኋለሁና አንዲት ነገር ኅሊናዬን እንዳትከብደው ላውጣት። የንጉሡ በቅሎ አዛጋች ያልኳችሁ ከራሴ የጨመርኳት ናት። በቅሎዋ አላዛጋችም። ያዛጉት ንጉሡ ናቸው፤ ንጉሥ አዛጋ ማለት ነውር ሆኖብኝ ለበቅሎዋ ሰጠኋት።